ሳይቃጠል በቅጠል፦ ከእርግዝና በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ማደጉንስ በዕድሉ ይደግ እንበል፤ አፈጣጠሩስ? ውድ የግድግዳ ጋዜጣችን አንባብያን፣ ከእናንተ ከዕጩ መምህራን መካከል ብዙዎቻችሁ ከተመረቃችሁ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ትዳር ትመሠርታላችሁ፤ ከወዲሁ የመሠረታችሁም አላችሁ። ለሠርግ ሲሆን ድንኳኑ፣ ሚዜው፣ ልብሱ፣ ጠጁ እየተባለ ስድስት ወር ሙሉ ሽር ጉድ ይባላል። ከሠርጉ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ግን «እሱ ያውቃል» ተብሎ ይታለፋል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ እንኳ ማሳውን አራትና አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርስ የለም እንዴ?

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ይህንኑ ከእርግዝና በፊት የሚደረገውን ዝግጅት ነው። «አረገዝኩ» ከተባለ በኋላ ስለሚደረገው ጥንቃቄ ጤና ጣቢያው በየግድግዳው ለጥፏል፤ እሱን እዚህ አንደግመውም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ለፅንሱ ዋነኛ ከሆኑት ቀናት ውስጥ አንዳንዶቹ እናቲቱ ማርገዟን ከማወቋ በፊት ያልፋሉ፤ ስለዚህ ካወቁ በኋላ መዘጋጀት ለእነዚያ ቀናት አይደርስላቸውም።

ነገሩን በቀን መቁጠሪያ እንየው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ (ጳጉሜን ሳንረሳ) ለእንዲህ ዓይነቱ ስሌት የሚመች ነው። የአንዲት መምህርት የወር አበባ ጥቅምት 1 ቀን ጀመረ እንበል፤ ዑደቷም በየ28 ቀኑ የሚመላለስ ይሁን። እንቁላል ከእንቁልጢዋ የሚወጣው ጥቅምት 15 ቀን አካባቢ ነው፤ ፅንሱም የሚጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። የሚቀጥለው የወር አበባዋ የሚጠበቀው ጥቅምት 29 ቀን ነው። አልመጣም። «ድካም ይሆናል፣ የፈተና ወረቀት ሳርም እያመሸሁ ይሆናል» ብላ ሁለት ሳምንት ትጠብቃለች። ኅዳር 13 ቀን ሆነ። በዚያን ቀን ፅንሱ 28 ቀን ሞልቶታል። መጠኑ ከአንዲት የምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ልቡ ግን መምታት ጀምሯል። ኋላ አንጎልና ሕብለ ሠረሠር የሚሆነው የነርቭ ቱቦም በነዚሁ 28 ቀናት ውስጥ ግራና ቀኙ ተገጣጥሞ ከላይም ከታችም መዘጋት ነበረበት። ከተዘጋ ተዘጋ፤ ካልተዘጋ ግን ከዚያ ወዲያ የሚዋጥ ኪኒን አይዘጋውም። ከላይ ሳይዘጋ ቢቀር የራስ ቅልና አንጎል በወጉ ስለማይሠሩ ሕፃኑ በሕይወት አይቆይም። ከታች ሳይዘጋ ሲቀር ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ ሐኪሞች ስፓይና ባይፊዳ የሚሉት ይህን ነው።

ይህቺ መምህርት ጤና ጣቢያ የምትሄደው መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን ወር ጨርሳ፣ ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር፣ ጥር ላይ ነው። እዚያ የሚሰጣትን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ይዛ በደስታ ትመለሳለች። ኪኒኑ ለደሟ ይጠቅማታል፤ መዋጥም አለባት። ለነርቭ ቱቦው ግን ሁለት ወር ዘግይቷል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። እኔ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር ነኝ። የነርቭ ቱቦ እንዴት እንደሚታጠፍና እንደሚዘጋ በሦስት ቀለም ጠመኔ እየሣልኩ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ የፈተና ጥያቄም አውጥቼበታለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ ግን ያ ሥዕል ከሰሌዳው ወርዶ ቤቴ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። ሴት ልጃችን ወገቧ ላይ ክፍተት ይዛ ተወለደች። በመጀመሪያው ሳምንት ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ ስለተጠራቀመ ሌላም ተደገመ። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በክራንች ትሄዳለች፤ በሒሳብ ከክፍሏ የሚቀድማት የለም፤ በነገር ደግሞ ከቤታችን። እሷን የጥፋት ማስረጃ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም፤ አንብባ ብትጠይቀኝም የምመልስላት ይህንኑ ነው። የምቆጨው ሊቀር ይችል የነበረውን ሥቃይዋን ሳስብ ነው። ኪኒኑን ቀድመን ብናገኘው ኖሮ በእርግጠኝነት ይቀር ነበር ማለት አይቻልም፤ አደጋው ግን በእጅጉ ይቀንስ ነበር። እኔ ደግሞ እየተማርኩትና እያስተማርኩት ነው ያመለጠኝ።

የሰፈሩ ሰው ባለቤቴን «ምን በልተሽ ነው? ምን አይተሽ ደንግጠሽ ነው?» እያለ ሲጠይቃት ከረመ። እኔን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ ፎሊክ አሲድ ጥቂት እንበል። ፎሊክ አሲድ ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ሲሆን ስሙ የመጣው ቅጠል ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ በወጣ ጊዜ ነው እንዲህ የተባለው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ይህን አስበው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ገጥሞላቸዋል። ቫይታሚኑ ሕዋሳት ሲከፋፈሉና ሲበዙ የግድ የሚያስፈልግ ነው፤ ፅንስ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመባዛት ሌላ ሥራ የለውም። ከዚህ ቫይታሚን ጉድለት ጋር የነርቭ ቱቦ ክፍተት እንደሚገናኝ ለረጅም ጊዜ ሲጠረጠር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከላት የተካሄደ ጥናት ውጤት ታተመ። ጥናቱ የተደረገው ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ባረገዙ እናቶች ላይ ነበር። ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የወሰዱት እናቶች ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከሃንጋሪ የወጣው ጥናት መጀመሪያውኑም እንዳይደርስ መከላከል እንደሚቻል አሳየ። እንግዲህ ነገሩ ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በአገራችን ጉዳዩ ይብስ ይሆናል እንጂ አይቀልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ፣ አንዱ በአዲስ አበባ ሌላው በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ከ10,000 ወሊዶች ውስጥ ከ100 በላይ የሚሆኑት ላይ የነርቭ ቱቦ ክፍተት አግኝተዋል። በዓለም ዙሪያ በአማካይ የሚገመተው ወደ 20 ገደማ ነው። እርግጥ አስቸጋሪ ወሊድ ወደ ሆስፒታል ስለሚላክ የሆስፒታል ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህም ተቀንሶ ቢታሰብ ቁጥሩ ዝም የሚያሰኝ አይደለም።

«እኛ እኮ ጎመንና ምስር ስንበላ ነው የኖርነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 180 ማይክሮግራም የሚጠጋ ፎሌት አለው፤ ባቄላውም፣ ሽምብራውም፣ ቆስጣውም መልካም ናቸው። ችግሩ ወጥ አሠራራችን ላይ ነው። ፎሌት በሙቀት ይጎዳል፣ በውሃም ይሟሟል። ጎመኑ ከተቀቀለ በኋላ ውሃው ከተደፋና እንደገና እሳት ላይ ከተጣደ ቫይታሚኑ አብዛኛው ከውሃው ጋር ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ጎመኑ ባይቀቀል፣ ከተቀቀለም ለጥቂት ጊዜ ቢሆንና ውሃው ወጥ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። እንዲህም ሆኖ ለማርገዝ የምታስብ ሴት በምግብ ብቻ መተማመን አይገባትም። በ2014 ዓ.ም. በስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር የሚያስገድድ ደረጃ በአገራችን መውጣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ የፋብሪካ ዱቄትን እንጂ እኛ በየሰፈሩ ወፍጮ ቤት የምናስፈጨውን ጤፍና በቆሎ አይነካም።

መጠኑ ይህ ነው፦ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.4 ሚሊግራም፤ ቢቻል ከሁለትና ሦስት ወር፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ፣ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ። ገበያ ላይ 5 ሚሊግራም የሆነም አለ። እሱ ለተለየ ምክንያት በሐኪም የሚታዘዝ ነው፦ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ላረገዙ፣ የስኳር በሽታ ላለባቸው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስዱ እና ለመሳሰሉት። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ «ፎሊክ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ መጠኑን ጠይቁ። ለነገሩ ርካሽ ኪኒን ነው።

ጾምን በተመለከተ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በጾም ወራት ምስርና ሽሮ መብዛቱ ለፎሌት በጎ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከዕፅዋት ስለማይገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ አጥብቃ የምትጾም ሴት ከማርገዟ በፊት ከሐኪምም ከንስሐ አባቷም ጋር ብትመክር ይበጃታል።

ጨውም የራሱ ነገር አለው። አዮዲን የጎደላት እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮው በሚገባ ላያድግ ይችላል፤ እንቅርት የምናየው ጉዳቱ ነው፤ ይኸኛው ግን የማይታየው ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያዘው ደንብ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ያስፈልጋል፤ ክፍት ዕቃ ውስጥ ከርሞ ለረጅም ሰዓት ከተንተከተከ አዮዲኑ ይጠፋል።

ወደ ምርመራ እንለፍ። ከማርገዝ በፊት አንድ ቀን ለሁለት ተያይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ብዙ ነገር ያወጣል። የደም መጠን ይለካል፤ ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነውና አስቀድሞ መታከሙ በወሊድ ጊዜ ለሚፈሰው ደም ስንቅ ማኖር ነው። የደም ግፊትና ስኳር ይታያል። ስኳሯ ሳይስተካከል የምታረግዝ ሴት ፅንስ ላይ የልብና የነርቭ ጉድለት የመድረሱ ዕድል ከፍ ይላል፤ ይህም የሚሆነው በነዚያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ መድኃኒቷን በሚገባ ስትወስድ ግን ከ5 በታች ይወርዳል። የደም ዓይነትም መታወቅ አለበት፤ እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ለሚቀጥለው ልጅ የሚያስፈልግ መርፌ አለና። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም በዚያው ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ አደራ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮየት የነርቭ ቱቦ ክፍተትን ከሚያመጡት አንዱ ነው፤ ነገር ግን በራስ ሥልጣን ማቆም ሌላ አደጋ ስለሆነ ሐኪሙ በሌላ እንዲለውጠው ከማርገዝ በፊት መጠየቅ ነው። ከገበያ የሚገዛ ሥራ ሥርና ቅጠላ ቅጠልም «የአገር ባህል ነው» ስለተባለ ብቻ ለፅንስ አይጎዳም ማለት አይደለም።

ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ይቅር በሉኝና፣ ቁርጥና ለብለብ ክትፎ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተሕዋስ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ይህ ተሕዋስ በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ወደ ፅንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ስለሚችል በዚህ ወቅት በስሎ ቢበላ ይመረጣል። መጠጥን በሚመለከት ለፅንስ አይጎዳም የሚባል መጠን እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጠላውም፣ ጠጁም፣ አረቄውም ያው ናቸው። ቡናው ግን ይቀነስ እንጂ ይቅር አላልንም፤ አቦልና ቶና፣ በረካ ብለው በቀን ሦስት ጊዜ የሚያፈሉት ጎረቤቶች ዘንድ አንዱ ዙር ይበቃል።

የእርግዝና መከላከያ ስትጠቀም የቆየችም ሴት ጊዜውን ማወቅ አለባት። ኪኒን፣ ሉፕ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ እነዚህ ከቆሙ ወይም ከወጡ በኋላ ማርገዝ ወዲያው ይቻላል። የሦስት ወር መርፌ ግን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ሊያዘገይ ይችላል። መርፌው መካን አድርጓት አይደለም፤ ከሰውነቷ እስኪወጣ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንት ሴት በስድስተኛው ወር «መካን ነሽ» ተብላ አልቅሳለች! በሚቀጥለው ክረምት ለማርገዝ ያሰበች መምህርት ካሁኑ ወደ ሌላ መከላከያ ብትዛወር ይቀላታል። ከዚህ በፊት የወለደች ከሆነ ደግሞ ከወሊዱ ቢያንስ 24 ወር ቆይታ ብታረግዝ ለእሷም ለልጆቿም ጤና ነው።

አሁን ወደ ወንዶቻችን። እስካሁን «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» እያልክ ወደ ስፖርቱ ዓምድ ዓይንህን የላክህ ወንድም፣ ተመለስ። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመድረስ 70 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ የምታጨሰው ሲጋራና ዛሬ የምትጠጣው መጠጥ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ በሚወጣው ዘር ላይ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ሚስትህ ኪኒኑን በምትጀምርበት ቀን አንተም ሲጋራውን ብታቆም ሒሳቡ እኩል ይመጣል። ሌሊት ሙሉ ጫት ላይ ተቀምጦ እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰውነትም ለዚህ ጉዳይ ዝግጁ ነው አይባልም። የአባላዘር በሽታ ካለም ሁለቱም አብረው ካልታከሙ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ሐሳብና መንፈስ ዝግጅት ሲነገር ብዙ ሰው ደስ ይበላችሁ፣ አትጨነቁ ማለት ይመስለዋል። እኔ እንደማየው ግን ዋናው ሦስት ጥያቄ አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ልጁን የፈለግነው እኛ ነን ወይስ አማቶቻችን? ቶሎ ባይመጣ ምን እንላለን? እንዳሰብነው ባይሆንስ? ከሠርጉ በሦስተኛው ወር «ምነው እስካሁን?» የሚል ዘመድ በየቤቱ አለ። ባልና ሚስት አስቀድመው መልስ ካላዘጋጁ ያ ጥያቄ በመጨረሻ የሚያርፈው በሚስት ላይ ብቻ ነው። ባል «እኛ ነን ያቆየነው» ብሎ በራሱ አፍ ለእናቱ መናገር ይችላል፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፣ ግን ብዙ ሸክም ታወርዳለች።

መጠበቁን በተመለከተ ቁጥሩን ማወቅ ራሱ ያረጋጋል። በወር ውስጥ ማርገዝ የሚቻልባቸው ቀናት ስድስት ገደማ ናቸው፤ እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት። ዑደቷ 30 ቀን ለሆነች ሴት እንቁላሉ የሚወጣው በ16ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ የሚቆጠረው ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ወደ ኋላ ነውና። አንዱ በገጠር ትምህርት ቤት ሌላው በከተማ ተመድበው በወር አንድ ጊዜ የሚገናኙ ባልና ሚስት እነዚህን ቀናት ካልቆጠሩ ዓመቱ ቢያልቅ አያስገርምም። አብረው ከሚኖሩ 100 ጥንዶች ከ80 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። ዓመት ካለፈ፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ መመርመር ነው። ሁለቱም! ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ወንዱም ድርሻ አለበት። የወንድ ዘር ምርመራ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሆኖም ሴቲቱ በየጠበሉና በየሐኪሙ ከተንከራተተች በኋላ በመጨረሻ የሚደረገው እሱ ነው።

ፅንስ መጨንገፍም አለ። ከ100 ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚሆኑና በፅንሱ አፈጣጠር ላይ በአጋጣሚ በሚደርስ ስሕተት ምክንያት ናቸው። እንስራ ተሸክማ ነው፣ ከባሏ ተጣልታ ነው፣ ዓይን በልቷት ነው የሚባለው ሁሉ ያዘነችን ሴት እንደገና መምታት ነው። ከመምህራን ክበብ እንኳ ይህ ወሬ ሲወጣ ሰምቻለሁ፤ ያሳፍራል። ዓይንን በመፍራት እርግዝናን ከሰፈር መደበቅ ይቻል ይሆናል፤ ከጤና ጣቢያ መደበቅ ግን ክትትሉን ያዘገያል።

ባለቤቴና እኔ ለሁለተኛው ልጃችን ሦስት ወር አስቀድመን ሐኪም ዘንድ ሄድን። የታዘዘላት ከፍ ያለው መጠን፣ 5 ሚሊግራሙ ነበር። ኪኒኑን ከጥርስ ብሩሽ አጠገብ አስቀመጥነው፤ እኔም በየማታው በቀን መቁጠሪያው ላይ ጭረት አደርግ ነበር። ሲጋራም ያቆምኩት ያኔ ነው። ፈርታ እንደሆነ ስጠይቃት «ፈርቻለሁ፤ ግን አሁን ለብቻዬ አይደለም» አለችኝ። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ዛሬ አራት ዓመቱ ነው፤ የእኅቱን ክራንች ፈረስ አድርጎ እየጋለበ ያስቸግራታል።

በዚህ ጉዳይ ጥያቄ ያላችሁ ዕጩ መምህራን፣ ስማችሁን መጻፍ ሳያስፈልግ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። እኔ የማውቀውን በሚቀጥለው እትም እመልሳለሁ፤ ሐኪም የሚያስፈልገውን ደግሞ ወደ ሐኪም እመራለሁ።